«ታማለች» የማትባል ዶሮ

ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ በሚወስደው ዳገት ላይ መንገደኛ ሁሉ ሳይወድ በግድ የሚያርፍበት አንድ ጠፍጣፋ ቋጥኝ አለ። ቸኩያለሁ ያለም ሰው እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋልና፣ ቁጭ ብሎ ላቡን እየጠረገ አጠገቡ ያለውን ሰው ከየት ወዴት ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወይዘሮ ለተሥላሴ በዚያ ቀን ማንንም ላለማግኘት ቆርጠው ከቤታቸው የወጡ ቢሆኑም፣ ዳገቱ የእርሳቸውን ምክር የሚሰማ አልሆነም።

እኒህ ባልቴት በመንደራቸው የተከበሩ ናቸው። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ አራስ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። ምላሳቸው ግን፣ እውነቱን መናገር ከተፈለገ፣ ትንሽ ስል ነው። የዚያን ዕለት በነጠላቸው ሥር አንዲት ገብስማ ዶሮ አቅፈው ነበር። ከዶሮዋ አንገቷ ብቻ ብቅ ብሏል፤ በተነፈሰች ቁጥር ከጉሮሮዋ «ኽር… ኽር…» የሚል ድምፅ ይወጣል። ወይዘሮ ለተሥላሴ ያንን ድምፅ ሰው እንዳይሰማባቸው መንገዱን ሙሉ እያሳሉ ነበር የመጡት፤ ከቋጥኙ ሲደርሱ በማስመሰል የጀመሩት ሳል እውነተኛ ሳል ሆኖባቸው ነበር።

ቋጥኙ ላይ አንድ ወጣት ተቀምጦ ከጫማው ጠጠር ያራግፋል። የሻምበል ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ገበሬው ባጭሩ የከብት ሐኪሙ ይለዋል። ወይዘሮ ለተሥላሴ ባዩት ጊዜ ክው አሉ። ከሰው ሁሉ መርጠው ሊሸሹት የሚፈልጉት እሱን ነበር።

«እንደምን ዋሉ እማማ?» አለ የሻምበል ብድግ ብሎ። «ይቀመጡ እንጂ፣ ትንሽ ይረፉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ኧረ አልቀመጥም፣ ምንትዋብ ዘንድ መድረስ አለብኝ» አሉና፣ አፋቸው አልቀመጥም እያለ ጉልበታቸው ተቀመጠ።

ምንትዋብ ልጃቸው ናት። ታላቋ ሠርካለም ወደ ሳዑዲ ብላ በበረሃ ከወጣች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል፤ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅ የለም። ለወይዘሮ ለተሥላሴ የቀረችላቸው ይህችው ምንትዋብ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ባል የሞተባት፣ የአንዲት ሕፃን እናት፣ መሬቷ ድንጋይ የበዛበት ምስኪን ሴት ናት። ሰው ወደ ሳዑዲ የሚያሻግረው ደላላ በየጊዜው ብቅ እያለ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላታል። እሷ ግን በግቢዋ የሚራወጡትን ዶሮዎች እያሳየች፣ «እነዚህ እንቁላል እስከጣሉልኝ ድረስ እናቴንና ልጄን ጥዬ እግሬን አላነሳም» ትለዋለች። ስለዚህ ወይዘሮ ለተሥላሴ ማታ ማታ ሲጸልዩ ከራሳቸው ጤና አስቀድመው የምንትዋብን ዶሮዎች ጠብቅልኝ ይላሉ። ይህንን ጸሎት የሰማ ሰው ቢስቅ፣ ያልደረሰበት ሆኖ ነው።

«ኽር…» አለች ገብስማዋ።

ወይዘሮ ለተሥላሴ ፈጥነው አሳሉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ሳል የእርስዎ ነው ወይስ የዶሮዋ?»

«የእኔ ነው። ብርድ መታኝ።»

«ኽርርር» አለች ዶሮዋ ደግማ፣ አንገቷን ወደ ላይ መዝዛ አፏን እየከፈተች።

«ብርዱ ሁለታችሁንም ነው እንዴ የመታችሁ?»

ወይዘሮ ለተሥላሴ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ።

«ኽምጣኛውን ገና አልቻልኩትም፤ ስድቡን ግን ለምጄዋለሁ» አለ የሻምበል እየሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ወዴት ነው የሚወስዷት?»

«ቤት ላስለውጣት ነዋ! ወዴት ትሄዳለች ታዲያ?»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ነገሩን መግለጥ ያስፈልጋል። በዚያ መንደር ዶሮ ትንፋሽ ሲያጥራት ቤት ጠልታ ነው ይባላል። ስለዚህ ሳትሞት በፊት እጇ ለዶሮ ወደሚሆን ሴት ቤት ትወሰዳለች፤ ጤነኞቹ ካሉበት ቆጥ ላይ አብራ ታድራለች፤ የእነሱ ጤና ይጋባባታል ተብሎ ይታመናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ የምታመጣዋ ሴት «ታማለች» ብላ አፏን አትከፍትም። በሽታው ስሙ ሲጠራ ይሰማል፣ ተከትሎም ይመጣል ይባላልና፣ «ለርቢ ትሁንሽ ብዬ አመጣሁልሽ» ብላ አስረክባ ትመለሳለች። ተቀባይዋም አመስግና ትቀበላለች። ይህን ያህል ጨዋነትና ይህን ያህል ጥፋት ባንድ ልማድ ውስጥ ተሰፍቶ ማየት የሚገርም ነገር ነው።

«እስካሁን ምን አደረጉላት?» ሲል ጠየቀ የሻምበል።

ሐኪም ከጠየቀ መመለስ ነውና ወይዘሮ ለተሥላሴ ዘረዘሩ። ፌጦ ወቅጠው በአረቄ በጥብጠው በጉሮሮዋ አንቆርቁረውላታል። ጎረቤታቸው ያመጣችላቸውን ቀይና ቢጫ ክኒን ከፍተው ዱቄቱን ግተዋታል። ነፋስ እንዳይመታት ደግሞ በሩን ዘግተው ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠዋታል።

«እሺ፣ እንድከራከርዎት ይፍቀዱልኝ» አለ ወጣቱ። «እርስዎ ትንፋሽ አጥሮዎት እያቃሰቱ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ አፍዎን በግድ ከፍቶ አረቄ ቢያንቆረቁርብዎት ምን ይሉታል?»

«አረቄ ከሆነማ እግዜር ይስጥልኝ እለዋለሁ!»

«ይበሉ እንጂ፣ እውነቴን ነው።»

«እኔስ መቼ ቀለድኩ?»

የሻምበል ሳቁን ዋጥ አደረገና ቀጠለ። «በዶሮ ጉሮሮ የአየሩና የምግቡ በር ጎን ለጎን ነው። ደህና ስትሆን ትጠብቀዋለች፤ ስትታፈን ግን መጠበቂያ ጊዜ የላትም። የሚያፈሱባት ሁሉ ወደ ሳንባዋ ይገባል። እርስዎ መድኃኒት ሰጠኋት ሲሉ በደረቅ ምድር አሰጠሟት ማለት ነው። ክኒኑም ለሰው የተሠራ፣ ያውም ለሌላ ሕመም የተሠራ ነው፤ ለእሷ አይበጃትም። ጢሱስ? ጢስ ለጤነኛዋም ደረት አይሆንም። ነፋስ እንዳይነካት ብለው የምትተነፍሰውን አየር ከለከሏት።»

«እንግዲያ ሜዳ ላይ ልጣላት?»

«አይደለም። ከሌሎቹ ለብቻዋ፣ ዝናብና ብርድ በማይመታት ግን አየር በሚያገኛት ቦታ፣ ደረቅ ጭድ አንጥፎ ማስቀመጥ ነው። ንጹሕ ውሃ በአጠገቧ፣ እህሉን ለስለስ አድርጎ በፊቷ፤ ከፈለገች እሷው ትብላ። አፍንጫዋ በንፍጥ ከተደፈነ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ መጥረግ። እሷን የነካ እጅ ሳይታጠብ ሌላዋን አይንካ። ከዚያ እኔን መጥራት።»

«አንተን ብጠራህ ታድናታለህ?»

የሻምበል ጎንበስ ብሎ ዶሮዋን አየ። «ኩሷ ምን ይመስላል?» አለ በዝግታ።

«አረንጓዴ።»

«ሌሎቹ ዶሮዎችዎ እንዴት ናቸው?»

ወይዘሮ ለተሥላሴ በቋጥኙ ላይ ያለውን የድንጋይ ሽበት በጣታቸው ፈቀፈቁ። «የሉም» አሉ። «አንዷ ስትወድቅ አንዷ ተከተለች። ይህች ብቻ ቀረችኝ።»

«የዶሮ ትንፋሽ የሚያሳጥር ብዙ ነገር አለ፤ ተቀምጬ ሳልመረምር አልምልም። ጢስም ያደርገዋል፣ ብርድም ያደርገዋል፣ ፊት የሚያሳብጥ ሕመም አለ፣ በትንፋሽ ቧንቧ የሚቀመጥ ትል አለ። ከእነዚህ የሚድን አለ። ግን አፏን ከፍታ የምታቃስት፣ ኩሷ አረንጓዴ የሆነ፣ ጓደኞቿ ባንዴ የረገፉባት ዶሮ ሳይ የምፈራው ዶሮ የሚፈጀውን ፈንግልን ነው።»

«ስሙን አትጥራ!» አሉ ወይዘሮ ለተሥላሴ እያማተቡ። «በስመ ሥላሴ! ምን ዓይነት አፍ ነው?»

«ስሙን ባልጠራው ይሄዳል? ጆሮ የለውም እኮ እማማ። የሚሄደው በኩሷ፣ በንፍጧ፣ በሰው እጅና ጫማ፣ በዚች በያዟት ነጠላ ነው። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ እኔ ጋም የለም፣ ሰቆጣም የለም። ያለው ክትባት ብቻ ነው፤ ያም ሳይታመሙ በፊት ነው።»

ክትባት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወይዘሮ ለተሥላሴ ፊታቸውን አዞሩ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ይኸው ልጅ የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ በየደጁ ሲዞር፣ የክትባቱ ጠብታ እንቁላል ያደርቃል ሲባል ሰምተው ዶሮዎቻቸውን ሁሉ ቅርጫት ደፍተውባቸው ነበር። «ዶሮ የለኝም፣ ሸጫቸዋለሁ» አሉት። ከቅርጫቱ ሥር አንዷ ስትጮኽ የሻምበል ሰምቶ ነበር፤ ግን ሽማግሌ ሴት ዋሽተዋል ለማለት አፍሮ አመስግኖ ሄደ። አሁንም ያንን አላነሣባቸውም። ባለማንሣቱ ይበልጥ ከነከናቸው፤ ቢያነሣባቸው ኖሮ ቢያንስ ይጣሉት ነበር።

«ስማኝ» አሉ ቁጣቸውን እንደ ምንም ሰብስበው። «አንተ በመጽሐፍ ያየኸውን ትናገራለህ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። ልጅ ሆኜ የእናቴ ነጭ ዶሮ እንዲህ ሆና አፏን ከፍታ ነበር። እናቴ አክስቴ ቤት አስለወጠቻት። ዳነች! ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ጣለች። ይህንስ ምን ትለዋለህ?»

«ጥሩ ነው፤ ካመማቸው አንዳንዱ ይተርፋል። የአክስትዎ ዶሮዎችስ ምን ሆኑ?»

«የአክስቴማ…» አሉና ወይዘሮ ለተሥላሴ ቃሉን ሳይጨርሱ ተዉት።

የአክስታቸው ዶሮዎች የዚያን ዓመት አልቀዋል። ይህንን ያስታውሳሉ፤ እንዴት አያስታውሱ! አክስታቸው ደረቷን እየደቃች ዓይን ገባብኝ ስትል፣ ጎረቤቷ ዓይኗ ክፉ ነው ተብላ ተጠረጠረች። አብረው ውሃ የሚቀዱ፣ አንዷ ላንዷ ልጅ የምታጠባ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት መጫጫር እንኳ ቀረ፤ ያቺ ሴት ስትሞት አክስታቸው ለቅሶ አልደረሰችም። ወይዘሮ ለተሥላሴ ነጯን ዶሮና የአክስታቸውን ቆጥ ስንት ዘመን ለየብቻ ሲያስታውሱ ኖረው፣ ሁለቱ ባንድ ወቅት መሆናቸው የታያቸው ገና አሁን ነበር።

«ዓይን አልነበረም እንዴ?» አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ያቺን ሴት በከንቱ… ወይኔ! ያመጣነው እኛው ነን!»

የሻምበል ወጣት ነው፤ ክርክር ማሸነፍ ይወዳል፤ ይህንን ግን ማሸነፉን አልወደደውም።

«እማማ» አለ፣ «አሁንም አልመሸም። ይህችን ዶሮ ይዘው ምንትዋብ ግቢ ባይገቡ የልጅዎ ዶሮዎች ይተርፋሉ። ይመለሱ፤ እኔ እሸኝዎታለሁ።»

ወይዘሮ ለተሥላሴ አልተነሡም። ገብስማዋን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነጠላቸውን ባፋቸው ላይ አደረጉ።

«ቀዩን አውራ ወስጄላታለሁ» አሉ ከነጠላው ሥር።

«መቼ?»

«ባለፈው ገበያ። ማንኮራፋት ሲጀምር። ለርቢ ይሁንሽ ብዬ… ደስ ብሏት ተቀበለችኝ። ሳመችኝ እኮ! ምነው ያኔ ድፍት ባልኩ፣ ምነው እግሬ በተሰበረ!»

ወጣቱ ጫማውን ሳያስር ብድግ አለ። «እንግዲያ እንሂድ። ልንነግራት ይገባል። ምናልባት ገና ያልነካቸው ይኖሩ ይሆናል።»

የቀረውን መንገድ ዶሮዋ ብቻ ኽር ኽር ትላለች፤ ወይዘሮ ለተሥላሴ አሁን አያስሉም።

የምንትዋብ ግቢ ዙሪያውን በቁልቋል የታጠረ ነው። ወይዘሮ ለተሥላሴ ሌላ ጊዜ ከሩቅ ጀምረው እየተጣሩ፣ እየቀለዱ የሚገቡበትን በር አሁን ሲያዩት ራቅ ብለው ቆሙ። አንድ ሰው ልጅነቱን ሙሉ እንዳይናገር የተከለከለውን ቃል በስተርጅና ለማውጣት ምን ያህል እንደሚቸገር ያላየ አያውቅም። አፋቸው ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ሁለት ጊዜ ተከደነ፤ ከዶሮዋ ጋር አንድ ሆኑ።

«ምንትዋብ!» ሲሉ በመጨረሻ ጮኹ። «አትቅረቢኝ! ባለሽበት ሁኚ! ዶሮዬ ታማለች! ያመጣሁልሽም አውራ ታሞ ነበር! ሰማሽ? ታሞ ነበር!»

ምንትዋብ በእጇ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። እናቷን፣ ሐኪሙን፣ ከነጠላው የወጣውን የዶሮ አንገት በየተራ አየች። ፊቷ ላይ መገረም አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር።

«አውራውማ ሞተ እማ» አለች። «ሴቶቹም ጀምሯቸዋል። ዛሬ ጠዋት አንዷ ከቆጡ ሳትወርድ ቀረች፤ ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ግድግዳ ጥግ ቆመዋል።»

«ወይኔ ልጄን! ሁሉም?»

«ሁለቱ ቄቦች ደህና ይመስሉ ነበር። የእኔን ቤት ነው የጠሉት ብዬ ከጥቂት ቀን በፊት ለውባንቺ ሰጠኋቸው።»

የሻምበል ራሱን ያዘ። «ዶሮ ታሞብኛል ብለሽ ነገርሻት? የሌሎቹን መታመም ነገርሻት?»

ምንትዋብ ወደ እሱ አላየችም፤ እናቷን ነው ያየችው። «እንዴት እነግራታለሁ? አይነገርም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ይህንን የተናገረችው በንዴት ቢሆን ይሻል ነበር። ድምፅዋ ግን ለስላሳ ነበር። ወጣቱ ቀድሞ የተናገረው ሁሉ፣ ኩሱም፣ ንፍጡም፣ ጫማውም፣ ከዚህ አንድ ጥያቄ ያነሰ ነበር። ወይዘሮ ለተሥላሴ ገብስማዋን ከቁልቋሉ ጥላ ሥር አኖሩ፣ እጃቸውን በአመድና በውሃ አሻሹ፣ ነጠላቸውን አውልቀው ጣሉ፣ ከዚያም ማንም ሳያዛቸው ወደ ውባንቺ ቤት አመሩ፤ የሻምበልም ተከተላቸው።

ውባንቺ ከወንዙ ማዶ የምትኖር፣ ብዙ ዶሮ ያላት ሴት ናት። ነገሩን ስትሰማ ያወረደችው እርግማን እዚህ አይጻፍም። «እኔ እንደ እህት የማያት! ልጆቼ የሚበሉትን ልትገድልብኝ!» እያለች ጮኸች። ወይዘሮ ለተሥላሴ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት። «እውነትሽን ነው። እሷን አትስደቢ፣ እኔን ስደቢ፤ የጀመርኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ቃል አሥር ይመልሱ ነበር።

በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀና። የውባንቺ አውራ አዲስ ዶሮ የሚደበድብ አመለኛ ስለ ነበር፣ ሁለቱን ቄቦች እስኪላመዱ ብላ ከጓሮ ራቅ ባለው የበግ ጋጣ ውስጥ ለብቻቸው ዘግታባቸው ነበር። የሻምበል ገብቶ ሲያይ አንደኛዋ ማንኮራፋት ጀምራለች። እንዳይወጡ፣ የሚመግባቸው ሰው ጫማውን ሳይለውጥና ሳይታጠብ ወደሌሎቹ እንዳይሄድ፣ የሞተው በጥልቅ ጉድጓድ አመድ ተነስንሶበት እንዲቀበር፣ ለውሻ እንዳይጣል፣ የታመመውም ወደ ገበያ እንዳይወጣ አስረድቶ ሄደ። ውባንቺ እየተራገመች ሁሉንም አደረገች። ሁለቱ ቄቦች ሞቱ፤ የእሷ አንድም አልሞተባትም። በሽታው ከደረሰባቸው ቤቶች ሁሉ ዶሮ የቀረው በእሷ ቤት ነው፤ የቀረውም ስለ ተነገራት ነው።

የምንትዋብ ቆጥ ግን ባዶ ሆነ። ገብስማዋም የዚያኑ ዕለት ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ከቁልቋሉ ሥር፣ አንገቷን አንድ ጊዜ መዝዛ ቀረች። ወይዘሮ ለተሥላሴ ራሳቸው ቆፍረው ቀበሯት።

«አዳዲስ ዶሮ ቶሎ አታስገቢ» አላት የሻምበል ምንትዋብን። «ቆጡ ይፈርስ፣ ይቃጠል፤ ግቢው ይጠረግ፣ ፀሐይ ይምታው። ወራት ይለፉ። ከዚያ ክትባት ያገኙ ጫጩቶች ታመጫለሽ፤ እኔው አፈላልግልሻለሁ።»

«ወራት?» አለች ምንትዋብ። «እስከዚያ ምን እንበላለን?»

የሻምበልን ትምህርት ቤት ስለ ዶሮ ሁሉን አስተምረውት ነበር፤ ዶሮዋ ስለሞተባት ሴት ግን ያስተማረው የለም።

ደላላው ሲመጣ ምንትዋብ በግቢዋ የምታሳየው ነገር አልነበራትም። ሕፃኗን ምስራቅን ለእናቷ አስረክባ ሄደች። ወይዘሮ ለተሥላሴ እስከዚያ እስከ ጠፍጣፋው ቋጥኝ ድረስ ሸኟት። ምንትዋብ ልጇን ስማ ስታበቃ፣ «እማ፣ አታልቅሺ፤ እንደ ሠርካለም አልጠፋም፣ እደውላለሁ» አለች። እስካሁን አልደወለችም። ይህ ታሪክ የሚያስደስት መጨረሻ የለውም፤ ያለውን ግን እንናገር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሻምበል የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ ተመለሰ። እሱ ከመንደር ሳይደርስ አንድ የሚያውቀው ድምፅ ቀድሞት በየደጁ ይጮኻል። ወይዘሮ ለተሥላሴ ሕፃኗን አዝለው በየቤቱ እየቆሙ ሴቶቹን ያወጧቸዋል።

«ውጪ! ዶሮሽን ይዘሽ ውጪ! ምንድን ነው የምትደብቂው? ቅርጫት ሥር እንዳለች ይሰማኛል፤ እኔም በዚያው ቅርጫት ደብቄ ነው የጨረስኳቸው!»

«እንቁላል ያደርቃል ይሉናል እኮ እማማ» አለች አንዲት ወጣት ሚስት።

«እንቁላል የሚያደርቀው ሞት ነው!» አሉ። «ስሚኝ ልጄ። ይህ ጠብታ አንድ ጊዜ ዓይኗ ውስጥ ጠብ ይላል፣ መርፌ የለው፣ ደም የለው። ልጁ በጊዜው ሲመለስ ደግሞ ታስደግሚያለሽ። ፈንግል ሲመጣ ቆጥሽ አይራገፍም። እንቁላሉ ለልጅሽ ይሆናል፤ የቀረው ጨውና ሳሙና ይሆንልሻል። የሰው ደጅ አትጠኚም። ከጎረቤትሽ ጋር ዓይን ገባብኝ ብለሽ አትጣይም። ልጅሽ ስታድግ፣ ዶሮዎቼ አሉ ብላ እዚሁ አገሯ ትቀመጥልሻለች። ከዚህ የበለጠ ምን ልበልሽ? አዲስ ዶሮ ስታመጪ ለብቻ አቆያት። ቆጡን ከምድጃው አርቂው፣ ኩሱን ጥረጊ፣ አየር ይግባ። ለታመመችው አረቄ አትጋቺ፤ አረቄው ለእኔ ይምጣ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ቁጭ ብለው የሰውን ዶሮ በየተራ ክንፏን ሰብስበው ይይዛሉ፣ የሻምበል ያንጠባጥባል። ውባንቺ ከማዶ የእሷን በሁለት ቅርጫት አምጥታ ከፊታቸው አስቀመጠች። በአፏ ይቅርታ አላለችም፤ እንቁላል ለምስራቅ ይዛ ነበር።

«የእርስዎስ ዶሮዎች እማማ?» ሲል ጠየቀ የሻምበል ተራው ሊያልቅ ሲል።

«የእኔማ አልፏል ልጄ። ያዝ፣ ቀጣይዋን ያዝ።»

በዚህ ጊዜ ከጋዝጊብላ በኩል አንዲት መንገደኛ ሴት መጣች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ፣ አንድ ነገር አቅፋ፣ እያሳለች ነበር። ሰዎች ተሰብስበው ስታይ መንገዷን ልትቀይር ፈለገች። ወይዘሮ ለተሥላሴ የያዟትን ዶሮ ለውባንቺ አቀበሉና ብድግ አሉ። ያንን ሳል ያውቁታል።

«ወዴት ነሽ እናቴ?» አሉ።

«እህቴ ቤት። ለርቢ… አንዲት ዶሮ…»

«ኽር» አለ ከነጠላው ሥር።

ሴቲቱ አሳለች። ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ለተሥላሴ ምስራቅን ከጀርባቸው አውርደው ለአንዷ ሴት ሰጡና፣ ከመንገደኛዋ ፊት ቆመው ሳይነኳት በለሆሳስ ተናገሩ።

«እህትሽ ልጆች አሏት?»

«አሏት።»

«እንግዲያ እዚህ ንገሪን። እኔ ዘግይቼ ተናግሬ ልጄ ሄደችብኝ። አንቺ አሁን በአፍሽ ተናገሪው፤ ምንም አይመጣብሽም።»

ሴቲቱ ወደ ኋላዋ ያለውን ዳገት አየች፣ ወደ ፊቷ ያለውንም መንገድ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ገለጠችና፣ ሁሉም እየሰማት፣

«ታማለች» አለች።